ሳይጣላ የሚርቅ ደንበኛ

ጧት ሱቁን ከፍቶ ደጁ ላይ የቆመ ነጋዴ አንዲት የቆየች ደንበኛውን ከሩቅ ያያታል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሳትቀር የምትመጣ ሴት ነበረች። ዛሬ ግን የመንገዱን ወዲያኛ ጠርዝ ይዛ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ ታልፋለች። በእጇ ያንጠለጠለችው ዘንቢል ከሦስት ሱቅ ወዲያ የተሞላ ነው። ነጋዴው ወደ ውስጥ ይመለስና ጎረቤቱን «ዘንድሮ ገበያው ሞቷል እኮ» ይለዋል።

ገበያው አልሞተም፤ ዘንቢሉ ሙሉ ነው። የሞተው በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሴትየዋ አለመጣላቷ ነው። ተጣልታ ብትሄድ ኖሮ ነጋዴው ምክንያቱን ያውቅ ነበር። የተቆጣ ደንበኛ የሱቁን ጉድለት በነፃ ይናገራል፤ ዝም ብሎ የሚርቀው ግን ገንዘቡንም ምክንያቱንም ይዞ ይሄዳል። የአገራችን ሰው ደግሞ ይሉኝታ ያጠቃዋል። «የሸጥክልኝ ዕቃ ተበላሸብኝ» ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ መንገድ መቀየር ይቀለዋል።

ለመሆኑ ደንበኛ ሳይጣላ የሚርቀው ለምንድን ነው? እንዳይርቅስ ካፒታሉ አነስተኛ የሆነ ነጋዴ ምን ማድረግ ይችላል? ማርኬቲንግ ሲባል ብዙዎች የሬዲዮ ማስታወቂያና ትልቅ ታፔላ ብቻ ይታያቸዋል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ነጥቦች ግን አብዛኞቹ ከደብተር፣ ከስልክና ከአንደበት በቀር ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንድ ደንበኛ ስንት ያወጣል?

ነጋዴ የመደርደሪያውን ዕቃ ይቆጥራል፤ ደንበኛውን ግን አይቆጥርም። እስቲ በምሳሌ እናስላው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ ግሮሰሪ በሳምንት የ600 ብር ዕቃ ይገዛል እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነውና ሽያጩ 31,200 ብር ይሆናል። ነጋዴው ከመቶ ብር 10 ብር የሚያተርፍ ከሆነ ይህ አንድ ቤተሰብ በዓመት 3,120 ብር ትርፍ ያስገባለታል።

አሁን ይህ ቤተሰብ የገዛው የ250 ብር ዱቄት ነቀዝ ወጣበት እንበል። የቤቱ እመቤት ዱቄቱን ይዛ ስትመጣ ነጋዴው «ከኔ ስትወስጂው ደህና ነበር» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩን ይረታል፤ 250 ብሩም ይተርፈዋል። ሴትየዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አትመጣም። 250 ብር ለማዳን የዓመት 3,120 ብር ትርፍ አጣ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ቤተሰቦች ቢርቁት የሚያጣው ትርፍ 31,200 ብር ነው። ስለ ነገሩ ለጎረቤትና ለዕድር ወዳጅ የሚወራው ወሬ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ይህ ስሌት የሚያሳየን አዲስ ደንበኛ ከመፈለግ በፊት ያለውን መያዝ እንደሚቀድም ነው። ከታች የሚያፈስ እንስራ ይዞ ወንዝ መመላለስ ድካም እንጂ ውሃ አይሆንም። ማስታወቂያ አስነግሮ ሰው የሚያመጣ፣ የመጣውን ግን በክርክር የሚሸኝ ነጋዴም እንደዚያው ነው።

የዱቤ ደብተሩ የሚናገረው

ትልልቅ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን መዝገብ ለመያዝ ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። የሠፈር ሱቅ ግን ይህ መዝገብ ከጥንት ጀምሮ በእጁ አለ፤ የዱቤ ደብተሩ ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በስንት እንደወሰደ ተጽፎበታል። ችግሩ ነጋዴው ደብተሩን የሚከፍተው ዕዳ ለመጠየቅ ብቻ መሆኑ ነው።

በወር አንድ ጊዜ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ደብተሩን ገልጦ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ «ከባለፈው ወር ወዲህ የጠፋው ማን ነው?» በእጅ በእጅ ለሚገዙትም አንድ ገጽ ከፍቶ የቋሚ ደንበኞችን ስም፣ ስልክና አዘውትረው የሚወስዱትን ዕቃ መጻፍ ይቻላል። የጠፋ ሰው ከተገኘ ስልክ መደወል ነው። ንግግሩ ግን የሽያጭ መሆን የለበትም። «እትዬ፣ ጠፍተውብን ነው የደወልኩት፤ ደህና ነዎት? ያስቀየምንዎት ነገር ካለ ይንገሩን» ማለት ይበቃል። ሰውየው ታሞ ወይም ቤት ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ራሱ ወዳጅነት ነው። ተቀይሞ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ይወጣል።

ከዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። የሚጠፋው ሁሉ የተቀየመ አይደለም፤ ዕዳ ያለበትም ይጠፋል። 700 ብር ዱቤ ያለበት ሰው በሱቁ ፊት ማለፍ ስለሚያፍር በእጁ የያዘውን ብር ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ ነጋዴው የሚያጣው ሁለት ነገር ነው፤ የቆየውን ዕዳና የዛሬውን የእጅ በእጅ ሽያጭ። መፍትሔው ሰውየውን በሰው ፊት መጠየቅ ሳይሆን መንገዱን መክፈት ነው። «ጋሼ፣ የቆየው ይቆይ፤ በሚመችዎት ቀን በትንሽ በትንሹ ይጨርሱታል። የዛሬውን በእጅ ይውሰዱ» የተባለ ሰው ፊቱን አያዞርም። ደንበኛውም ይመለሳል፣ ዕዳውም ቀስ በቀስ ይገባል። ለወደፊቱም ዱቤ ሲሰጥ ጣራው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል አስቀድሞ መነጋገር ነው። ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ» ብሎ ለጥፎ ለአንዱ መስጠት፣ ሌላውን መከልከል ግን የተከለከለውን ብቻ ሳይሆን ያየውንም ሁሉ ያስቀይማል።

በተራ መሀል ተለይቶ መታየት

ኢ. ጀሮም ማካርቲ የተባሉ አሜሪካዊ የማርኬቲንግ መምህር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት መጽሐፍ የገበያን ሥራ በአራት ከፍለው አስቀምጠውታል። እነዚህም ዕቃው፣ ዋጋው፣ የሚሸጥበት ቦታና ማስተዋወቁ ናቸው። ክፍፍሉ ዛሬም በየንግድ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ወደ መርካቶ ስናመጣው ግን አንድ ነገር ያስተውሏል።

መርካቶ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አሁኑ ቦታ ከተዛወረ ወዲህ በተራ በተራ ተደራጅቶ የኖረ ገበያ ነው። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሁሉ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ለገዢው ይጠቅማል፤ በአንድ ቦታ ቆሞ ያወዳድራል። ለሻጩም ገዢውን ያመጣለታል። ነገር ግን ከማካርቲ አራት ነጥቦች ሦስቱን እኩል ያደርጋቸዋል። ዕቃው ከአንድ አስመጪ የመጣ ነው፤ ዋጋው ተቀራራቢ ነው፤ ቦታው አንድ ነው። የሚቀረው ሰውየው፣ ማለትም ንግግሩ፣ መስተንግዶውና ቃሉ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ጤፍ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ «ምርቃት» የምትጨምር ሻጭ ማርኬቲንግ አልተማረችም። ይሁንና ምርቃቷ ከዋጋ ቅናሽ የተሻለ ጥበብ አለው። ቅናሽ የሰጠ ነጋዴ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ቅናሽ ይጠየቃል፤ ዋጋው በዚያው ወርዶ ይቀራል። ምርቃት ግን ዋጋውን ሳይነካ ገዢውን ያስደስታል፤ የሚሰጠውም ክፍያው ካለቀ በኋላ ስለሆነ የሚታወሰው የመጨረሻው ነገር እርሱ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ክር፣ የጫማ ነጋዴው ማሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው ፕላስተር ሊመርቅ ይችላል። ዋናው ነገር ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት መሆኑና ሳይለመን መሰጠቱ ነው።

ዋጋ ሲጨምር

የንግድ ንግግር የሚፈተነው ዋጋ በሚጨምርበት ቀን ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲፈቀድ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር። ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት አንዳንዱ ነጋዴ «ዕቃ የለም» እያለ ዘጋ፤ አንዳንዱ በጧትና በማታ የተለያየ ዋጋ ጠራ። በዋጋ ጭማሪና በክምችት ምክንያት የታሸጉ ሱቆችም ነበሩ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ገዢው «ይህ ዕቃ በድሮው ዶላር የገባ ነው፤ ለምን በአዲስ ዋጋ ይሸጥልኛል?» ይላል። ነጋዴው ደግሞ «በድሮው ዋጋ ብሸጠው በምኑ እተካዋለሁ? መደርደሪያዬ ባዶ ይቀራል» ይላል። የነጋዴው ሐሳብ የመተኪያ ዋጋ ይባላል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። በ1,000 ብር የተገዛ ዕቃ በ1,100 ብር ተሽጦ፣ አከፋፋዩ በማግሥቱ 1,400 ብር ቢጠይቅ፣ ነጋዴው በወረቀት ላይ 100 ብር አትርፎ በመደርደሪያው ላይ ግን 300 ብር ጎድሎታል። ስህተቱ የሚፈጠረው ነጋዴው ይህን ስሌት በልቡ ይዞ ለደንበኛው ሌላ ነገር ሲናገር ነው። «የለም» ያለውን ዕቃ ከጓሮ አውጥቶ ለሌላ ሲሸጥ የታየ ነጋዴ እንኳን በዋጋው በቃሉም አይታመንም።

ጭማሪን ለመንገር የሚረዱ ጥቂት ነጥቦች እነሆ።

አንደኛ፣ ደንበኛው ዕቃውን አስጠቅልሎ ብር ከማውጣቱ በፊት መንገር ነው። ዋጋን ከኪሱ ፊት ለፊት የሰማ ሰው የተታለለ ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን በአንድ አጭርና እውነተኛ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። «አከፋፋዩ ከሰኞ ጀምሮ በካርቶን 300 ብር ጨምሮብናል» ማለት ይበቃል። ረጅም ማብራሪያ ጥፋተኛ ያስመስላል።

ሦስተኛ፣ ለቋሚ ደንበኛ ጊዜ መስጠት ነው። «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ይጨምራል፤ የሚያስፈልግዎትን እስከ ቅዳሜ በድሮው ይውሰዱ» የተባለ ሰው ጭማሪውን እንደ ውለታ ይቀበለዋል። የመተኪያ ችግር ያለበት ነጋዴ መጠኑን መወሰን ይችላል፤ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ብሎ ለሁሉም እኩል መናገር ነው።

አራተኛ፣ ዋጋን ሳይነኩ መጠንን በስውር መቀነስ አይገባም። የዳቦው ግራም ሲጎድል፣ ሻዩ ሲቀጥን፣ ሚዛኑ ሲያጋድል ደንበኛው አይናገር ይሆናል፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። መቀነስ ግድ ከሆነ ትንሹን በትንሽ ዋጋ፣ ትልቁን በትልቅ ዋጋ ብሎ ሁለቱንም በግልጽ ማቅረብ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ዋጋ ሲወርድም መንገር ነው። ጭማሪን ብቻ የሚያውጅ፣ ሲቀንስ ግን ዝም የሚል ነጋዴ በሚቀጥለው ጭማሪ የሚያምነው አያገኝም።

ዋጋን በግልጽ መለጠፍ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳይና ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። በተለጠፈ ዋጋ ላይ መከራከር የለመደ ገዢ አለ የሚል ነጋዴ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ቅናሹ ራሱ ይለጠፍ፤ «ከ12 በላይ ለሚወስድ በአንዱ ይህን ያህል ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ያን ጊዜ ቅናሽ ያገኘው ጮሌው ሳይሆን ብዙ የገዛው ይሆናል። ጎረቤቷ በ400 ብር የወሰደችውን እርሷ በ480 ብር እንደገዛች በቡና ላይ የሰማች ሴት ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ አትገባም።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ይህ ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። ገዢው ሲገባ የሚነበብለት የመጀመሪያ ቃል «ከወጣህ በኋላ አላውቅህም» የሚል ነው ማለት ነው። ጽሑፉ ሕግንም አይሽርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይናገራል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ጉድለት ያለበትን ዕቃ ደህና አያደርገውም።

ነጋዴው የሚፈራው በከንቱ የሚመልስ ሰው እንዳይበዛ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ስለሆነም ወሰኑን በግልጽ ማስቀመጥ ይችላል። «ደረሰኝ ይዘው በሦስት ቀን ውስጥ ያልተጠቀሙበትን ዕቃ ይቀይራሉ፤ ጉድለት የተገኘበትን እንለውጣለን» የሚል ጽሑፍ ከቀድሞው እጅግ ይሻላል። ጫማና ልብስ ሻጭ ለዚህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ልጇን ሳታመጣ በግምት የምትገዛ እናት ቁጥሩ ቢጠብ መቀየር እንደምትችል ካላወቀች ሳትገዛ ትመለሳለች።

ቅሬታ ይዞ ለመጣ ሰው አቀባበሉ እንዲህ ቢሆን ይመከራል። መጀመሪያ ሳያቋርጡ መስማት፤ ከቆመ ወንበር መስጠት። ሁለተኛ የሰሙትን መልሶ መናገር፤ «ማክሰኞ የወሰዱት ምጣድ ከመሀሉ አይሞቅም ነው የሚሉት?» ብሎ መጠየቅ። ሦስተኛ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመመርመር በፊት ይቅርታ ማለት፤ ለደረሰበት እንግልት ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን ማመን አይደለም። አራተኛ ምን እንደሚደረግና መቼ እንደሚደረግ ቀን ቆርጦ መናገር። አምስተኛ በዚያ ቀን መፈጸም፤ ካልተቻለም ደንበኛው ከመደወሉ በፊት ራሱ ነጋዴው መደወል ነው። «ነገ ይምጡ» ተብሎ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ዕቃው ቢለወጥለትም ልቡ አይመለስም።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ ቢያውቅና ሻጩ ባያውቅ ዋጋ የለውም። በብዙ ሱቅ ደንበኛን የሚያነጋግረው በወር ደመወዝ የተቀጠረ ልጅ ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የ50 ብር ዕቃ እንኳ መለወጥ ካልቻለ «ባለቤቱ የሉም» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። እስከዚህ ብር ድረስ ራስህ ወስን ብሎ ሥልጣን መስጠትና በማታ ሒሳብ ላይ ማየት ነገሩን ያቀላል።

ማስታወቂያ ከማውጣት በፊት

ቤቱን ካስተካከለ በኋላ ነጋዴው ወደ ማስታወቂያ ቢሄድ ያምርበታል። ማስታወቂያ አራት ነገር ይመልሳል፤ ምን ይሸጣል? የት ነው? ስንት ነው? እስከ መቼ ነው? «ታላቅ የምሥራች! የማይታመን ቅናሽ! ፈጥነው ይምጡ!» የሚለው ከአራቱ አንዱንም አይመልስም። በአንጻሩ «የተማሪ ቦርሳና ደብተር፤ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ፣ ከፋርማሲው አጠገብ፤ ዋጋው በሱቁ ደጃፍ ተለጥፏል፤ ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 15» የሚለው ጩኸት የለበትም፤ ነገር ግን ሰውን ከቤቱ ያስነሣል።

አድራሻ የሚጻፈው ከተማውን ለሚያውቅ ብቻ መሆን የለበትም። ሰዉ የሚጠይቀው በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። የታወቀ ሕንፃ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የታክሲ መውረጃ መጥቀስና በስልክ ሲጠየቁም ያንኑ ምልክት ደጋግሞ መንገር ይበጃል። በስልክ አንድ፣ በታፔላ ሌላ፣ በካርድ ደግሞ ሦስተኛ ስም ያለው ሱቅ ፈላጊውን ለጎረቤቱ ያስረክባል።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ከሕጉም ባሻገር ዋጋን ሰቅሎ «ቀነስን» ማለት ዕድሜ የለውም፤ የድሮውን ዋጋ የሚያስታውስ ደንበኛ ሁልጊዜ አለ።

ማስታወቂያው መሥራቱን ለማወቅም መንገዱ ቀላል ነው። ለአንድ ወር አዲስ የመጣውን ሰው ሁሉ «ማን ነገረዎት?» ብሎ መጠየቅና በወረቀት ላይ ጭረት ማድረግ ነው። በወሩ መጨረሻ ሬዲዮ 4፣ ታፔላ 11፣ ወዳጅ 30 የሚል ውጤት ከወጣ ብሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት ጭረቶቹ ይናገራሉ።

ስልክ፣ ቴሌግራምና ቴሌብር

ዛሬ ብዙ ግብይት በስልክ ላይ ነው። በቴሌግራም ዕቃቸውን የሚያሳዩ ሱቆች በዝተዋል። በዚያው ልክ አንድ መጥፎ ልማድ ተስፋፍቷል፤ ፎቶውን አውጥቶ ዋጋውን «በውስጥ መስመር ይጠይቁን» ማለት ነው። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ተፎካካሪው ዋጋውን እንዳያይ ነው። ነገር ግን ተፎካካሪው በሌላ ስልክ ይጠይቃል፤ የሚሰለቸው ገዢው ብቻ ነው። ዋጋ፣ መጠን፣ ቀለምና መኖር አለመኖሩ ከፎቶው ጋር ቢጻፍ ግማሹ ጥያቄ ይቀራል። ያለቀ ዕቃ በዕለቱ ይነሣ። ለተጠየቀ ጥያቄ በዚያው ቀን መልስ ይሰጥ፤ «የለም» የሚል ፈጣን መልስ «እናያለን» ከሚል የዘገየ መልስ ይሻላል።

ክፍያውም ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከተጨመረ ወዲህ «በምን ልክፈል?» የዘወትር ጥያቄ ሆኗል። ክርክር የሚነሣው ገዢው «ልኬያለሁ» ሲል ሻጩ «አልደረሰኝም» ሲል ነው። ሻጩ በገዢው ስልክ ላይ የሚታይ መልእክትን ብቻ ማመን የለበትም፤ የተጭበረበሩ አሉ። ሆኖም ገዢውንም እንደ ሌባ ማየት አይገባም። የሚከፈልበት ቁጥርና የባለሒሳቡ ስም በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ሻጩ በራሱ ስልክ እስኪያይ ድረስም «አንድ ጊዜ፣ እኛ ዘንድ እስኪገባ ልይልዎት፤ ቁጭ ይበሉ» ይበል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥርዓት ከሆነ ማንም አይቀየምም።

የገበያ ቀን መቁጠሪያ

ለደንበኛ መቼ መናገር እንዳለበት የሚወስነው ዓመቱ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም የትምህርት ቤት ወጪ ይገፋል፤ በዚሁ ወቅት የቤት ዕቃ ለመሸጥ መጮህ ትርፉ ድካም ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ አንሺውና ዕቃ አከራዩ ማስተዋወቅ ያለባቸው ግን ሠርገኛው ገና ሲያቅድ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ የሚዘጋበት ወይም የሚቀዘቅዝበት ሲሆን፣ የጾም ምግብ ለሚያቀርብ ቤት ግን ዋናው ወቅት ነው። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ የቴምርና የሾርባ እህል ነጋዴ በአምናው ወር ማዘዝ የለበትም። ክረምት ሲገባ ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ ቀለምና ሲሚንቶ ሻጩ የቆዩ ደንበኞቹን ለመጠየቅና ቅሬታ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ለደላላና ለባለሀብት

ደላላ መደርደሪያ የለውም፤ ካፒታሉ ቃሉ ነው። የቤቱን ውሃ እጥረት፣ የመኪናውን ግጭት፣ የሱቁን የኪራይ ክርክር ገዢው ከማወቁ በፊት ራሱ የነገረ ደላላ አንዱን ኮሚሽን ሊያጣ ይችላል። ያ ገዢ ግን በሚቀጥለው ጊዜም፣ ወንድሙን ሲልክም፣ ወደ እርሱ ይመለሳል። ጉድለቱን የደበቀው ደላላ አንዴ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አዲስ የማያውቀው ሰው መፈለግ አለበት።

የሚሠራ ሱቅ ወይም ሆቴል ለመረከብ የሚያስብ ባለሀብትም ከዕቃው ቆጠራ ባሻገር ደንበኛውን ይቁጠር። ዕቃው በገንዘብ ይተካል። ስለዚህ የዱቤውን ደብተር፣ የቋሚ ደንበኞችን ዝርዝርና ደንበኛው የሚያውቀው ሻጭ ከሱቁ ጋር ይቆይ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በዋጋ ውስጥ ስም ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቀም ለአንድ ሳምንት ከጧት እስከ ማታ በአቅራቢያው ተቀምጦ የሚገባውን ሰው መቁጠር ነው። ሁለት ጊዜ ሲመላለስ የታየ ፊት ከበዛ ስሙ እውነት ነው።

የአንድ ሳምንት ሥራ

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር አይቻል ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገር መሞከር ግን ይቻላል። ሰኞ የጠፉ የአምስት ደንበኞች ስም ተጽፎ ይደወልላቸው። ረቡዕ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ወርዶ ወሰኑን የሚናገር ሌላ ይለጠፍ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ደግሞ ሳይገዛ የወጣ ሰው ሁሉ ምን ፈልጎ እንደነበር በወረቀት ይያዝ። ቅዳሜ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ያ ወረቀት ከብሩ ጎን ይቀመጥ።

በወዲያኛው ጠርዝ ያለፈችው ሴት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ትኖር ይሆናል። ዱቄቱ ነቀዝ ወጥቶበት ነበር፤ ወይም 300 ብር ዕዳ አፍራ ነበር፤ ወይም ልጁ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮባት ነበር። ሦስቱም የአንድ ስልክ ጉዳይ ናቸው። ስልኩን የሚያነሣው ግን ነጋዴው እንጂ እርሷ አይደለችም።